ሙቀቱን ከጢሱ ስለ መለየት

እሳት ለሰው ልጅ ከተሰጡት አገልጋዮች ሁሉ እጅግ የሚጠቅምና እጅግ የሚያስፈራ አገልጋይ ነው። እንጀራውን የሚያበስል፥ ብረቱን የሚያለሰልስ፥ ሽማግሌውን በብርድ ሌሊት የሚያሞቅ እርሱ ነው፤ የዓመት ጎተራን በአንድ ሌሊት አመድ የሚያደርግም እርሱው ነው። ነገር ግን እሳት የሚጎዳው በነበልባሉ ብቻ አይደለም። ነበልባሉንስ ሰው በዓይኑ አይቶ ይሸሸዋል፤ የማይታየው ጉዳቱ ግን ከሙቀቱ ጋራ አብሮ፥ ወዳጅ መስሎ ይገባል። ስለዚህ የእሳትን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ጥበቡ የሚለካው እሳት በማንደዱ አይደለም፤ ሙቀቱን ከጢሱ በመለየቱ ነው እንጂ።

ይህን ነገር የመንዝና የግሼ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የጓሳው ምድር ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት፥ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል፤ ገብሱንም አንዳንድ ጊዜ ሳያፈራ ያቃጥለዋል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ብርድን የሚመክትበት ጥበብ ከአባቶቹ የወረሰው ነው። ከበጉ ጠጕር ባና ያሠራል፥ በርኖስ ይደርባል፤ ቤቱን በድንጋይ ይገነባል፥ በጓሳ ሣርም ይከድነዋል። ይህም ሣር እንዳይጠፋ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት እያስጠበቀ፥ በየጊዜው እየከለለና እየከፈተ፥ ለልጅ ልጅ አስተላልፎታል። በቤቱ መካከል የሚነደው እሳትም ዓይን ቢያስለቅስ ጢሱ በክዳኑ ሥር ቀስ እያለ ይወጣል።

በከተማ የሚኖረው ሰው ግን በሩን አጥብቆ፥ መስኮቱን ደፍኖ፥ የከሰል ምድጃ አግብቶ ይተኛል። ከሰሉ በሚገባ ከቀላ ጢስ የሌለው ይመስላልና አይፈራውም። እንዲህ ተኝቶ ሳይነቃ የቀረ ቤተ ሰብ ወሬ በየብርዱ ወራት የሚሰማ ኀዘን ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው፤ መልክ የለውም፥ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ ሕይወት የሚሰጠውን ኦክሲጅን ተሸክሞ የሚዞረውን ክፍል ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለ ምድጃ አይደለም። በዚያው በብርዱ አገር መንገድ ላይ እስከ ዛሬ ስለሚታይ ስለ አንድ ትንሽ መኪናና በውስጡ ስላለው የእሳት ነገር ነው።

ቮልስዋገን የሚባለውን፥ የአገራችን ሰው በቁልምጫ ቮልስ የሚለውን መኪና የማያውቅ የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ፈርዲናንድ ፖርሼ የተባለው ባለሙያ በጀርመን አገር ዕቅዱን አወጣው፤ በመጨረሻ በሜክሲኮ አገር ሲሠራ ቆይቶ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠራ። በኢትዮጵያም መምህሩ፥ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊው፥ መኮንኑ፥ ነጋዴው ሁሉ ስለ ጽናቱና ስለ ርካሽነቱ ወደደው። ከታሪካችንም አይለይም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተሳፈሩት በዚሁ በትንሹ መኪና ነበር።

የዚህ መኪና ሞተር ያለው በስተኋላ ነው፤ ደግሞም ውሃ አይጠጣም። ሌሎች መኪናዎች የሞተራቸውን ትኩሳት በውሃ ሲያበርዱ፥ እርሱ በቺንጋ በሚዞር ቬንቲላተር አየር እያስነፋ ያበርደዋል። ይህም ለደጋ አገር መልካም ነው፤ ውርጭ ቢወርድ የሚረጋ ውሃ የለውምና። ነገር ግን ያው መልካምነቱ አንድ ችግር ያመጣል። በሌላው መኪና ተሳፋሪውን የሚያሞቀው ከሞተሩ የሚመጣው ትኩስ ውሃ ነው። ውሃ የሌለው መኪና ሙቀቱን ከየት ያመጣል?

በቀደሙት ዓመታት የተሠሩት ሲሊንደሮቹን አብርዶ የመጣውን አየር ያንኑ ወደ ተሳፋሪው ይልኩት ነበር፤ ስለዚህ የዘይትና የቤንዚን ሽታ አብሮ ይገባ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ገደማ ግን ሠሪዎቹ ሌላ ዘዴ አበጁ። ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጢስ የሚያልፍበትን ቧንቧ በግራና በቀኝ በላሜራ ሣጥን አለበሱት። በቧንቧው ውስጥ ጢሱ ያልፋል፤ በቧንቧውና በሣጥኑ መካከል ደግሞ ከቬንቲላተሩ የተላከ ንጹሕ አየር ያልፋል። ንጹሑ አየር የጋለውን ቧንቧ ከውጭ እየዳሰሰ ይሞቅና፥ በበሮቹ ሥር በተዘረጋው ባዶ ቦይ ሄዶ በተሳፋሪው እግር ሥርና በፊተኛው መስተዋት ግርጌ ይወጣል። ለመክፈትና ለመዝጋትም በቀደሙት መኪናዎች የሚዞር እጀታ፥ በኋለኞቹ ደግሞ በእጅ ፍሬኑ አጠገብ የሚጎተት ዘንግ አለው።

አንባቢ ልብ ይበል። ሙቀቱና ጢሱ ከአንድ እሳት ይወጣሉ፤ በአንድ ስፍራም ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የሚለያያቸው አንድ ስስ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው ደኅና ሲሆን ተሳፋሪው ይሞቃል። ግድግዳው ሲበሳ ደግሞ ያው የሚያሞቀው አየር መርዝ ተሸክሞ ይገባል።

አሁን ነገሩን በአንድ ሰው ሥራ እንመልከት። አንድ በጡረታ የሚኖሩ መምህር አሉ፤ ትውልዳቸው መንዝ፥ መኖሪያቸው አዲስ አበባ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ቮልስ አላቸው። አባታቸው መሪጌታ ናቸው፤ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ይኖራሉ፥ ዕድሜያቸውም ከ90 አልፏል። ልባቸው ስለ ደከመ በየሦስት ወሩ ሐኪም ማየት አለባቸው። መምህሩም በየጊዜው ደብረ ብርሃንን፥ ከዚያም በጠላት ወረራ ዘመን የተሠራው ዋሻ ያለበትን ጣርማ በርን እያዩ፥ ወደ ሰሜን በሚገነጠለው መንገድ ሄደው ያመጧቸዋል፥ ይመልሷቸዋልም።

መኪናው ግን እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ቮልሶች ሙቀት አልነበረውም። አዲስ አበባ ብርዷ መጠነኛ ስለ ሆነ ባለ መኪና ሁሉ ያለ ማሞቂያ መኖር ይችላል። በክረምት ጭቃው በበር ሥር ያለውን ቦይ ይሞላዋል፥ ዝገትም ይበላዋል፤ ሣጥኑም ሲቀደድ ጋራዡ አውጥቶ ይጥለውና ባዶ ቧንቧ ይተካል፥ ወይም መክፈቻውን በሽቦ አስሮ ይተወዋል። ባለቤቱም «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ይስማማል። ነገር ግን ያ ቦይ የሙቀት መንገድ ብቻ አይደለም፤ የመኪናው አካል የሚጸናበት አጥንትም ነው። በዝገት ሲያልቅ ወለሉም ጎኑም አብሮ ይዳከማል።

በአዲስ አበባ የማይታወቀው ጉድለት ከደብረ ብርሃን ወዲያ ይታወቃል። አንድ ማለዳ በኅዳር ወር መምህሩ አባታቸውን ይዘው ሲመጡ፥ የሁለቱ ትንፋሽ በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ እያረፈ መንገዱን ሸፈነው። መምህሩ በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው በሌላው እጃቸው በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን ይወለውሉ ነበር። ሽማግሌው በሁለት ባና ተጠቅልለው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር፤ አንድ ቃል ግን አልተናገሩም። መምህሩም ከዚያ ቀን በኋላ ማሞቂያውን ሊያሳድሱ ቆረጡ፤ ለታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓልም ሞቆ እንዲደርስ ተመኙ።

መኪናውን መጀመሪያ ያየው ወጣት ሠራተኛ ነገሩን አቀለለው። ሣጥኖቹ በዚህ መኪና ላይ አልተጣሉም ነበር፤ ተቀድደው ታስረው ነበር እንጂ። «ጋሼ፥ ለዚህ ነው የተጨነቁት? ቀዳዳውን በቆርቆሮ እንጠቀልልና በብየዳ እንነካካዋለን፤ ሽቦውን ስንፈታው ነገ ይሞቅልዎታል» አላቸው። ዋጋውም ጥቂት ነበር። መምህሩ ግን ለረጅም ዘመን ቮልስ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ያውቁ ስለ ነበር ሳያማክሯቸው እሺ አላሉም።

አረጋዊው ሣጥኖቹን አስወልቀው በእጃቸው እያገላበጡ ካዩ በኋላ «መምህር፥ የውጭው ልባስ ቢቀደድ ሙቀት ይባክናል፤ የሚጠፋው ገንዘብ ነው። የውስጡ ቧንቧ ቢበሳ ግን የሚጠፋው ሰው ነው። የውስጡን ሳናይ የውጭውን ብንጠግን የሠራነው ማሞቂያ አይደለም» አሉ። ከዚያም የቧንቧውን አንድ አፍ ደፍነው በበርሜል ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ በሌላው አፍ አየር አስነፉበት። ጎሚስታ የተነፋ ጎማን ላስቲክ በውሃ ነክሮ አረፋ እንደሚጠብቅ እንዲሁ ሁለቱም ዝም ብለው ውሃውን ይመለከቱ ጀመር። ከግራው ቧንቧ መታጠፊያ ላይ፥ ዓይን ከማያየው ስፍራ፥ እንደ መርፌ ቀዳዳ ከምታህል ብስ ቀጭን የአረፋ ክር ወጣ። ከቀኙም ከሁለት ስፍራ ወጣ።

«ይህች ብቻ ናት?» አሉ መምህሩ።

«መንዝ ላይ ይህች ትበቃለች» አሉ አረጋዊው፤ ምክንያቱንም አስረዱ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በ100 እጅ 30 ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ለዚያ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፥ በሚገባም አይቃጠልም፤ በሚገባ ያልተቃጠለ እሳት ደግሞ ያንን መልክና ሽታ የሌለውን መርዝ አብዝቶ ይወልዳል። በሌላ ወገን የተሳፋሪው ደም በሳሳው አየር ምክንያት ቀድሞውኑ ኦክሲጅን ያንሰዋል፤ ልቡ የደከመ ሰውማ ይልቁን ይጎዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ምልክቱ አታላይ መሆኑ ነው። ራስ ያማል፥ ያንቀላፋል፥ ያጥወለውላል፤ ተሳፋሪውም «ደጋው ነው፥ መንገዱ አድክሞኝ ነው» ብሎ ራሱን ያስተኛል። ብርድ ስለ ሆነ መስኮቱን ማንም አይከፍተውም።

መምህሩ በዚያን ጊዜ ጭንቅ ያዛቸው። በዓሉ ሊደርስ 12 ቀን ቀርቷል፤ ለአባታቸውም «ዘንድሮ ሞቀው ይሄዳሉ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ደኅና ሣጥን ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ወጣቱ ያለው ጥገና ግን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፤ ምናልባት ምንም ላታመጣ ትችላለች። ሰው በጎ ነገር ለማድረግ ሲቸኩል የሚፈተነው በዚህ «ምናልባት» በሚሉት ቃል ነው። መምህሩ ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው በማግሥቱ የአየሩ መንገድ ከሣጥኖቹ ጋራ ጨርሶ እንዳይገናኝ አስደፈኑት። ወደ ሞተሩ የሚሄደው አየር እንዳይባክን የቬንቲላተሩን ሁለት ማፍሰሻዎችም በክዳን አስዘጉ። ታኅሣሥ 18 ቀን አባታቸውን ያለ ማሞቂያ፥ በሦስት ባና ጠቅልለው፥ መስኮቱንም በጣት ያህል ገርበብ አድርገው ወሰዷቸው።

ሽማግሌው «ቃልህን ረሳኸው እንዴ፥ ልጄ?» ብለው ጠየቁ።

«አልረሳሁም አባባ፤ ሙቀቱ ገና ከጢሱ አልተለየም» አሉ መምህሩ። ሽማግሌውም ነገሩ ስለ ገባቸው ሌላ አልጠየቁም።

በበዓሉ ቀን በባቢሎን እሳት የተጣሉት የሠለስቱ ደቂቅና የቅዱስ ገብርኤል ተአምር ሲሰበክ፥ በውርጭ ማለዳ በቅጽሩ የቆመው ሕዝብ የሚያስበው የእሳቱን ኃይል ብቻ አይደለም። እሳቱ ያው እሳት ሆኖ ሳለ አልጎዳቸውም፤ በእነርሱና በጥፋቱ መካከል ጠባቂ ቆሞ ነበርና። የሰው እጅ ሥራ ተአምር አያደርግም፤ በሰውና በጥፋት መካከል የሚቆመውን ግድግዳ ግን በንጹሕ ልብ መሥራት ይችላል።

ሥራው ከበዓሉ በኋላ ቀስ እያለ ቀጠለ። አንዱ ደኅና ሣጥን ከፈረሰ መኪና ተገኘ፤ ሁለተኛውን ከውጭ አገር የሚመለስ ዘመድ አመጣው። ሁለቱም በውሃ ተፈትነው አንድ አረፋ አልወጣባቸውም። በበሮቹ ሥር ያለው ቦይ ሲከፈት ደረቅ ጭቃ፥ የአይጥ ጎጆና የገብስ ገለባ ተዛቀለት፤ የበላውን ላሜራ በያጁ ቆርጦ አዲስ ተካ። በየመጋጠሚያው አዲስ ማሸጊያ ገባ፤ የመጎተቻው የሽቦ ገመድ ተቀባ፤ መዝጊያውም ሲዘጋ ጨርሶ እንዲገጥም ተስተካከለ። ከመንዝ ወርዶ በዠማ በረሃ በኩል ወደ መርሐ ቤቴ ለሚሄድ ሰው መዝጊያው ከመክፈቻው ያላነሰ ይጠቅማልና። ሞተሩ በውርጭ ማለዳ ፈጥኖ እንዲሞቅ ለቬንቲላተሩ አየር በር የሚከፍትና የሚዘጋው ቴርሞስታት ወደ ስፍራው ተመለሰ። በመጨረሻም ካርቡራቶሩ ለደጋው አየር ተመጠነ።

በየካቲት ወር የሐኪሙ ቀጠሮ ሲደርስ መኪናው ማለዳ ከመሐል ሜዳ ተነሣ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ አየር መጣ፤ ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ለብ ያለው አየር በሽማግሌው እግር ሥር መፍሰስ ጀመረ፤ የመስተዋቱም ጉም ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ተገፈፈ። ሽማግሌው አንዱን ባና ገለጥ አደረጉ።

«ይህ ሙቀት ከየት ይመጣል?»

«ከሞተሩ እሳት ነው አባባ።»

«ጢሱሳ?»

«በራሱ መንገድ በስተኋላ ይወጣል።»

«እንግዲያስ ይህን የሠራ ሰው ባለሙያ ነው» አሉ፤ «እሳት ማንደድስ እረኛውም ያውቃል።» ጥቂት ቆይተውም መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ እንደሚበረታ፥ ቁልቁል ሲወርድ እንደሚቀንስ አስተዋሉ። ሞተሩ ሲደክም ቧንቧው ይግላል፥ ሲያርፍ ይበርዳልና። «ሳይለፋ የሚያሞቅ የለም ማለት ነው» ብለው ፈገግ አሉ።

ይህ ነገር ለባለ መኪና ብቻ የተነገረ አይደለም። መምህር ተማሪውን ሲገሥጽ፥ አባት ልጁን ሲመክር፥ ካህን ምእመኑን ሲያርም፥ ፍቅርና ቁጣ ከአንድ ልብ እሳት ይወጣሉ፤ ጎን ለጎንም ይሄዳሉ። የሚሰማው ሰው ሙቀቱን ፈልጎ ሲቀርብ ጢሱ አብሮ ቢገባበት ያለ ድምፅ ይታፈናል፤ መካሪውም «ሞቅ አድርጌ መከርሁት» እያለ ሳያውቀው ያጠፋዋል። የውጭውን ልባስ፥ ማለት የንግግሩን ማማርና የድምፁን ልስላሴ፥ ሰው ሁሉ አይቶ ያመሰግናል። የውስጡን ቀዳዳ ግን በውሃ ነክሮ የሚመረምር ባለቤቱ ብቻ ነው። ቀዳዳ መኖሩን ካወቀም እስኪጠገን ድረስ የማያሞቅ ዝምታ ከሚመርዝ ሙቀት ይሻላል።

ስለ ሥጋው ነገር ደግሞ ልብ ይባል። በመኪና ሲሄዱ ራስ የሚያም፥ እንቅልፍም የሚጫን ሆኖ፥ ወርደው አየር ሲያገኙ የሚተው ከሆነ፥ ድካም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ማሞቂያውን ዘግቶ፥ መስኮቱን ከፍቶ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ይገባል። ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣ፤ የከሰል ምድጃም ወደ መኝታ ቤት አይግባ። ብርድ ያንገላታል፤ ነገር ግን ድምፁን አሰምቶ የሚመጣ ጠላት ነው፥ ባናና በርኖስም ይመክቱታል። ሙቀት መስሎ የሚገባውን ግን የሚመክተው በማይታይ ስፍራ በታማኝነት የተሠራ ሥራ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩትን እጆች እግዚአብሔር ይባርክ።